«ማክሰኞ 01:30» ማለት መቼ ነው?

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

የጉዞ ዓምዳችሁን ከሚከታተሉ የጎንደር አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ዓምዱ ስለ ውጭ አገር ከተሞች ሲያወራ ምን እንደሚታይ፣ ምን እንደሚበላ አሳምሮ ይነግረናል። ምክር ላይ ሲደርስ ግን «ጓዝዎን ያቅልሉ፣ ሰነድዎን አስቀድመው ያሟሉ» ብሎ ያልፋል። የትኛውን ሰነድ? ከስንት ቀን በፊት? በከተማችን ቦርሳ አዝለው ድንበር ለመሻገር የሚያስቡ ወጣቶች አሉ፤ ለነዳጅ ተዋጥተው በአንድ መኪና ናይሮቢ ለመድረስ የሚያቅዱም አሉ። ለእነሱ የሚጠቅማቸው ዝርዝሩ ነው። ቦታ ካላችሁ ይህን ብታትሙልኝ፤ በመጨረሻ ከእናንተው የምጠይቀው ነገርም አለኝ።

ከሰዓት ልጀምር። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት መደመርና መቀነስ ማንንም አያቅተውም። የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 01:30» ቢል፣ ፈረንጅ ቀን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ እኛ ሰኞ ማታ ራት በልተን ስናበቃ የሚመጣው ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ለእኛ ደግሞ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ስለዚህ ትኬቱን «ማክሰኞ ሌሊት 7:30» ብሎ የተረጎመ ሰው ቦሌ የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከ24 ሰዓት በኋላ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል የመሰለውም ያው ነው፤ ስድስት ሰዓት አልፎታል። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚነሱት በረራዎች አብዛኞቹ በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ስለሆኑ ይህ አንዳንዴ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ያንኑ ትኬት የያዘ ጎንደሬ ወደ ኋላ እንዲህ ይቁጠር። ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስላለበት ቦሌ የሚገባው ሰኞ ማታ 4:30 ነው። በመኪና ከሆነ መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ እሑድ ማታ አዲስ አበባ ይገባል፣ ሰኞ ሙሉ ቀን ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። በአውሮፕላን ከሆነ የጎንደሩንና የውጭውን በረራ በአንድ ትኬት ላይ ማስያዝ ነው። በአንድ ትኬት የተያያዙ በረራዎች ላይ የመጀመሪያው ቢዘገይ ተሳፋሪውን በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ለየብቻ የተገዙ ከሆኑ ግን ሁለተኛው ተቃጠለ ማለት ነው፣ የሚያዝንልህም የለም። በክረምት ደግሞ ጉም አለ።

የቀን መቁጠሪያው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጳጉሜ 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 የሚውለው በፈረንጆች መስከረም 12 እንጂ 11 አይደለም፤ የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ እንዲያ ነበር። ያ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት ድረስ ይከተላል። የልደት ቀንን ወይም የቪዛ ማብቂያን በቃል የሚያሰላ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቀጥሎ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ ድረ ገጾች ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» ይላሉ፣ አንዱ የአባቱን ይሞላል፣ ሌላው የአያቱን። መፍትሔው ቀላል ነው። የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር ላይ ከአገሩ ምኅጻረ ቃል ቀጥሎ፣ ከተደራረቡት ሁለት የቀስት ምልክቶች (<<) በፊት ያለው «የመጨረሻ ስም» ነው፤ ከምልክቶቹ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «የመጀመሪያ ስም» ነው። እንዳለ፣ ፊደል በፊደል መቅዳት። ፀሐይ በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ የሚያዋጣው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ብቻ ነው። የፓስፖርቱ ቀሪ ዘመን ከመመለሻ ቀን በኋላ ስድስት ወር ካልሞላው መጀመሪያ ይታደስ፤ ሁለት ንጹሕ ገጽም ይኑረው።

አሁን ርካሽ ትኬት ውስጥ ስለተደበቀው ወጥመድ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሸንገን አገር (በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች በአንዱ) ኤርፖርት ውስጥ፣ ከበሩ ሳይወጣ፣ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የኤርፖርት መሸጋገሪያ ቪዛ ይጠየቃል። ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛው ያላለፈበት ሰው ነፃ ነው፤ ሌላው ግን በፍራንክፈርት በኩል የሚሄደውን ርካሽ ትኬት ከገዛ ቦሌ ላይ ይመለሳል። ትኬቶቹ የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ ሻንጣውን ወጥቶ መውሰድ ስላለበት መሸጋገሪያ ቪዛውም አይበቃውም፤ ሙሉ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ትኬት ሲታይ ከዋጋው በፊት የሚነበበው «በየት በኩል» የሚለው ይሁን።

ሸንገን ራሱ መድረሻው ከሆነ፣ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ መግባት ይችላል፣ ከ15 ቀን ባነሰ ጊዜ ግን አይገባም። እኔ ሁለት ወር እላለሁ። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለሚቆይበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገባበት። የጣት አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መውረድ የግድ ነው፤ አሻራው 59 ወር ስለሚያገለግል በሚቀጥለው ጊዜ ላያስፈልግ ይችላል። የባንክ መግለጫ ላይ ከማመልከቻው በፊት በነበረው ሳምንት ከዘመድ ተለቅሞ የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥርጣሬ ይፈጥራል እንጂ አይጠቅምም። ቪዛው ላይ የተጻፉት የመነሻና የማብቂያ ቀኖች አንድ ነገር ናቸው፣ «የቀን ብዛት» የሚለው ሌላ ነው። ከመነሻ እስከ ማብቂያ ሠላሳ ቀን ሆኖ የቀን ብዛቱ 15 ከሆነ የሚቆየው 15 ቀን ነው።

ኬንያና ሩዋንዳ ለእኛ ያለ ቪዛ ይገባባቸዋል። ያለ ቪዛ ማለት ያለ ጥያቄ ማለት ግን አይደለም፤ የመመለሻ ትኬት፣ የማረፊያ አድራሻና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የጤና ደንብ መሠረት አንዴ የወሰደ ለዕድሜ ልኩ ነው፣ «በየአሥር ዓመቱ ይታደሳል» የሚለው አሮጌ ወሬ ነው። በመኪና ለሚሄድ ደግሞ ሌላ «ቢጫ ካርድ» አለ፤ የኮሜሳ (የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የሦስተኛ ወገን መድን። ከአገር ውስጥ የመድን ድርጅቶች ይገዛል፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ ይሠራል። ሁለቱ በስም ስለሚመሳሰሉ ድንበር ላይ «ቢጫ ካርድ አምጣ» ሲባል የክትባቱን አውጥቶ የሚከራከር ሹፌር አይጠፋም። ሁለቱንም በአንድ ፕላስቲክ ማኅደር ይያዙ።

ማኅደር ካልሁ አይቀር፣ ፌስታል ኬንያ ውስጥ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ክልክል ነው፤ ሩዋንዳ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የከለከለችው። ጫማና እርጥብ ልብስ በጨርቅ ከረጢት ይጠቅለል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ቋንጣና ቅቤ ማስገባት አይቻልም፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ በግለሰብ እጅ አይገባም፣ የተነጠረ ቢሆንም ያው ቅቤ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ችግር የለባቸውም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ግን እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፍም። እናቶቻችንን ማሳመን ከቪዛው ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

ዶላር ባንክ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ትኬት፣ እንደ አገሩም ቪዛ አይቶ ነው። ሲቀበሉ ኖቱን አገላብጦ ማየት ነው፤ የተቀደደ፣ ብዕር የነካው፣ ወይም ከ2009 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ኖት በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ መንዛሪ አይቀበለውም፣ ቢቀበልም በቅናሽ ነው።

ቦርሳውን በተመለከተ ሰው ሁሉ ትልቅ ይገዛል። ትልቅ ቦርሳ ባዶ ቦታ ስላለው ይሞላል፣ ይኸው ነው። ለሁለትም ለስድስትም ሳምንት 40 ሊትር ይበቃል፤ ልብስ የሚታጠበው በየአምስት ቀኑ ነውና። ከውኃ ውጭ 10 ኪሎ ካለፈ የሆነ ነገር ይውጣ። ቅዳሜ ገበያ ከሰልባጅ የሚገዛ ሰው ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ የውስጥ ሽፋኑ የሚያጣብቅ ወይም የሚልጥ ከሆነ ዝናብ አያግድም፣ መልሶም አይጠገንም። ዚፑን አሥር ጊዜ ይክፈት፣ ይዝጋ። ሲታዘል ሁሉም ማሰሪያ ይላላና መጀመሪያ የወገቡ ቀበቶ በዳሌ አጥንት ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ከዚያ የትከሻው፤ በመጨረሻ ከትከሻ በላይ ያሉት ትንንሾቹ። አብዛኛውን ክብደት ዳሌ መሸከም አለበት። ትከሻ ላይ ሰንበር የሚያወጣው ቀበቶው እምብርት ላይ ሲታሰር ነው። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ በትከሻ አጥንቶች መካከል ይሁን፤ ታች ከሆነ ወደ ኋላ ይስባል። መሞከሪያ ከፈለጉ ሙሉውን አዝለው ከፒያሳ ጎሃ ሆቴል ድረስ ወጥተው ይውረዱ። ምን እንደሚቀነስ እዚያው ይታወቃል። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ያውም እስከ 100 ዋት ሰዓት፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው 74 ያህል ስለሚሆን ያልፋል። የኬንያ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው።

ወደ መኪናው ልለፍ። ለጎንደሬ በመኪና ውጭ አገር ሲባል ድሮ ከአዘዞ ታጥፎ በመተማ ወደ ገላባት ነበር፤ ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን የሚያቋርጡት ሞተረኞችና ብስክሌተኞችም በዚያው ይመጡብን ነበር። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሱዳን ጦርነት ላይ ናት። ይህ መንገድ ለሽርሽር አይታሰብ። የቀረው ሞያሌ ነው። እኛው ክልል ውስጥም ያለው የመንገድ ሁኔታ በየዕለቱ ይለዋወጣል፤ የሚታመነው መረጃ ትናንት ማታ ከገባ የአውቶቡስ ሹፌር መናኸሪያ ላይ የሚገኘው ነው። የሕዝብ መኪና ካልወጣ የቤት መኪናም አይውጣ።

ዕቅዱ ላይ ሁሉም የሚስተው ስሌቱ ነው። ከጎንደር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 740 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ሞያሌ 770 ገደማ፤ ከሞያሌ ናይሮቢ ወደ 790። በጠቅላላው 2,300 ኪሎ ሜትር። «በ80 ብንነዳ ሃያ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስት ቀን» ይባላል። የሚቆጠረው ግን ብርሃን ነው። ከ12:30 ጠዋት እስከ 12 ሰዓት ምሽት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አለ፤ ለምሳ፣ ለነዳጅ ሰልፍና ለኬላ ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀነስ፤ ስምንት ቀረ። ከብት፣ ጋሪ፣ ባጃጅና ዳገት ባለበት አማካይ ፍጥነት ከ45 አያልፍም። 360 ኪሎ ሜትር፤ የቀን ጉዞ ይህ ነው። መንገዱ በዚህ ሲከፈል ሰባት ቀን ይሆናል፣ አንድ ቀን ለድንበር፣ አንድ ለዕረፍት፤ ዘጠኝ ቀን በአንድ አቅጣጫ። የሃያ ቀን ፈቃድ ያለው ሰው ናይሮቢ የሚውለው ሁለት ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን አውቆ የሚወጣ ይውጣ፤ ካልሆነ እስከ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ።

ማደሪያው ከስሌቱ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን ባሕር ዳር ማደር ምቾቱ ጥሩ ነው፣ ግን 180 ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድቶ ለማግስቱ 560 ይተርፋል። ፍኖተ ሰላም ከጎንደር 360 አካባቢ ስለሆነች መንገዱን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ዓባይ በረሃም ለማግስቱ ጠዋት ይቀራል፣ ሰውም ሞተርም ሳይደክሙ። ከአዲስ አበባ ዲላ ያው 360 ገደማ ነው፤ ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ነው።

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ የጫነ መኪና የሚፈተነው እዚህ ነው። እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ መውረድ የፍሬን ሸራውን ያግላል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ግን ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ሲቆይ በ155 ይፈላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይያዝም። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይቀየር፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ያንኑ ዳገት ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ይግባ። ፍሬን ጠንከር ተደርጎ አጭር ይያዝና ይለቀቅ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። ውኃ አይረጭበትም፣ ይሰነጥቀዋል። ዳገቱ ላይ ደግሞ ሙቀት ጠቋሚው ከወጣ ማቀዝቀዣው ይጥፋ፣ ማሞቂያው ይከፈት፤ የራዲያተሩ ክዳን በሙቀቱ ሳለ አይነካም።

ጎማ ላይ ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጋር ከተደረደሩት ውስጥ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ጊዜ ናቸው፤ 3519 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት ነው። ከስድስት ዓመት ካለፈ ጥርሱ ቢያምርም ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ስኮርታውም (መለዋወጫ ጎማው) ይታይ፤ በጎማ ችግር ቆመው ከሚታዩት የብዙዎቹ ስኮርታ ራሱ ባዶ ነው። ነፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ቀትር ላይ ከፍ ብሎ ስለታየ የሚያስተነፍስ ሰው ማታ ጎማው ጎድሎ ያገኘዋል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ ይበልጥ ይግላል፣ ይፈነዳል። ክሪክ አፈር ላይ ይሰምጣልና ሠላሳ በሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጣውላ ይያዝ። የጎማው ዳዶዎች ጎማው መሬት ሳይለቅ ላላ ይደረጉ፤ ከተቀየረ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ሄዶ እንደገና ይጠበቁ። አንድ ትርፍ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) እና አምስት ሊትር ንጹሕ ውኃ አይለይ።

ነዳጅ በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ለሚበላ መኪና 2,300 ኪሎ ሜትር 276 ሊትር ነው፤ በጀቱ በ330 ይያዝ። አገር ውስጥ ክፍያው በቴሌብር ስለሆነ ስልኩ ባትሪ ይኑረው። ሞያሌን ሲሻገሩ ግን ቴሌብር ያበቃል።

ሰነዱ፤ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የኮሜሳው ካርድ፣ መኪናው ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያረጋግጥ የጉምሩክ ወረቀት። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ።

ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ሞያሌ ላይ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ስሕተቱ የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት፣ ከነዳጅ ማደያ ሲወጣ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ የሚከተሉት መኪና ሲጠፋ ነው። እጅ በልማድ ወደ ቀኝ ይዞራል። የእኛ መሪ በግራ ስለሆነ ሹፌሩ ከዳር ይሆንና ከፊት ያለው የጭነት መኪና መንገዱን ይጋርደዋል፤ ለመቅደም በቀኝ የተቀመጠው ሰው ማየት አለበት። እሱ ከተኛ መቅደም የለም። አደባባይ የሚዞረው በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ነው። አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፤ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። የአውቶቡስ ትኬት ላይ ግን በፈረንጅ ይጻፋልና «በየትኛው ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው ይኸው የሰዓቱ ነገር ነው። ጋዜጣው የበረራና የአውቶቡስ መነሻ ሲያትም፣ የጉዞ ወኪሎች ማስታወቂያም ሲቀበል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ያውጣው። ቃሉን አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልግም፣ አያቶቻችን «አጥቢያ» ብለውታል። እንዲህ ተብሎ ይታተም፤ «ማክሰኞ 01:30፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7:30፤ ቦሌ መግቢያ ሰኞ ማታ 4:30»።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ጎንደር፣ አራዳ